ማይንክራፍት ላይ ምናባዊ አገር ከሚገነቡ ሰዎች ጋር ለመቀላቀል፦ ከማመልከቻ እስከ መጀመሪያው ሥራ

ባህር ዳር ውስጥ ማይንክራፍት የሚጫወት ልጅ ሳገኝ «እስኪ የሠራኸውን አሳየኝ» እላለሁ። ስልኩን ወይ ላፕቶፑን ያወጣል። ቤት አለ፣ ግንብ አለ፣ አንዳንዴም ድልድይ አለ። ያምራል። «ማን አየልህ?» ስለው «ማንም» ይላል። ከሳምንት በኋላ ያንን ዓለም አጥፍቶ ሌላ ይከፍታል።

ይህን የምጽፈው ለእነዚያ ልጆች ነው። ሥራችሁ የሚቀመጥበት ቦታ አለ። በተለያየ አገር ያሉ ሰዎች አንድ ሰርቨር (ሁሉም በኔት የሚገቡበት የጋራ ኮምፒውተር) ላይ ተሰባስበው አንድ ትልቅ የፈጠራ ዓለም ይገነባሉ። ተራራው፣ ወንዙ፣ ወደቡ፣ የነገሥታቱ ታሪክ፣ የገበያው ቀን ሳይቀር አስቀድሞ ተጽፏል። እያንዳንዱ ገንቢ መሬት ይሰጠውና የዚያን አገር ወግ ጠብቆ ይሠራል። ደመወዝ የለውም፤ ሁሉም በፈቃዱ ነው። ግን ዝም ብሎ ገብቶ መሥራት አይቻልም። ማመልከት አለ፣ መፈተን አለ።

እኔ በመጀመሪያው ማመልከቻ ወደቅኩ፣ በሁለተኛው ገባሁ። በሁለቱ መካከል ዘጌ ሄጄ አንድ ክዳን ሥር ቆሜ ነበር። እሱ ጋ ስደርስ በሰፊው እነግራችኋለሁ። ከዚያ በፊት ያለውን ቶሎ ቶሎ እንለፈው።

መጀመሪያ ጌሙን አስተካክሉ

ማይንክራፍት ሁለት ዓይነት ነው። ስልክ ላይ ያለው ቤድሮክ ይባላል። እንዲህ ያሉ ፕሮጀክቶች በብዛት የሚሠሩት ግን ኮምፒውተር ላይ ባለው ጃቫ ነው። ስልክ ብቻ ካላችሁ እየተለማመዳችሁ ቆዩ፤ ለማመልከት ኮምፒውተር ያስፈልጋል።

ቀጥሎ አካውንት። ብዙዎቻችን የጀመርነው ከፍላሽ ወደ ፍላሽ በተገለበጠ ክራክ፣ ማለትም ባልተገዛ ቅጂ ነው። በእሱ እነዚህ ሰርቨሮች ላይ መግባት አይቻልም። ልትገቡ ስትሉ ሰርቨሩ አካውንታችሁ በትክክል የተገዛ መሆኑን ያጣራል፤ ካልሆነ ከበር ይመልሳችኋል። ጃቫና ቤድሮክ አንድ ላይ ለኮምፒውተር 30 ዶላር ገደማ ነው፤ የሚከፈለውም አንድ ጊዜ ነው። በዶላር መክፈል ለሚቸግረው ቀላሉ መንገድ ውጭ ያለ ዘመድ የስጦታ ኮድ ገዝቶ ቁጥሩን እንዲልክ መጠየቅ ነው። የእኔን የገዛችልኝ አክስቴ ናት። በባዶ እጅ አልጠየቅኳትም፤ የሠራሁትን ፎቶ አንሥቼ ልኬላት ነው እሺ ያለችው። ከማታውቁት ሻጭ በርካሽ አካውንት አትግዙ። የመጀመሪያው ባለቤት መልሶ ሊወስደው ይችላል፤ ያኔ የምትታወቁበት ስም አብሮ ይሄዳል።

ላፕቶፑ አዲስ መሆን የለበትም። 8 ጊጋ ራም ካለው ይሠራል። ሶዲየም የሚባለውን ሞድ (ጌሙ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) ጫኑበት፣ ጌሙን በጣም ያቀለዋል። የእይታ ርቀቱን ወደ 8 ቸንክ አውርዱ። አንድ ቸንክ 16 ብሎክ በ16 ብሎክ ስለሆነ በየአቅጣጫው 128 ብሎክ ያህል ይታያችኋል፤ ለሥራ ይበቃል። ፕሮጀክቱ የራሱ ሪሶርስ ፓክ (የብሎኮቹን መልክ የሚቀይር ፋይል) ካለው ከባድ ፋይል ሊሆን ይችላል። ኔት ደህና በሆነበት ሰዓት አስቀድማችሁ አውርዱት። በፈተናው ቀን ማውረድ ልጀምር ያለ ሰው ቀኑን በመጠበቅ ይጨርሰዋል።

ከማመልከታችሁ በፊት አገሩን ዙሩት

ብዙዎቹ ፕሮጀክቶች እንግዳ ያስገባሉ። መሥራት አትችሉም፤ መዞር ግን ትችላላችሁ። ቢያንስ አንድ ሳምንት ዙሩ። ቤተ መንግሥቱን ሁሉም ያየዋል። እናንተ ድሃ ሰፈር ሂዱ። ከብት በረት ግቡ። ገና ያላለቀ መንደር ፈልጉና ሥራው ከምን እንደሚጀመር ተመልከቱ።

ደብተር ያዙ። የኔ ደብተር ላይ ያለው እንዲህ ያለ ነው፦ «ሰሜን ላይ ድንጋዩ ጥቁር ነው። ደቡብ እንጨት ብርቅ ስለሆነ በሩ ሁሉ ጠባብ ነው። መስታወት ያለው የሀብታም ቤት ብቻ ነው። ከገበያው በስተኋላ ያለ መንገድ በሁለት ሰው ስፋት ነው።» ልኬቱንም ጻፉ። አንድ ብሎክ አንድ ሜትር ነው፤ ተጫዋቹ 1.8 ሜትር ይረዝማል። ጣሪያውን ስንት ብሎክ ላይ እንደሚያደርጉት፣ በሩን እንዴት እንደሚያሳንሱት ቁጠሩ። የዓለሙ ታሪክ የተጻፈበት ሰነድም አለ። እሱን ሳታነቡ አታመልክቱ። ቅጹ ላይ ከዚያ ጥያቄ ይመጣል፤ ያላነበበ ሰው ወዲያው ይለያል።

ምናባዊ ዓለም ላይ ከመግባታችሁ በፊት መለማመድ ካሰኛችሁ ቢልድ ዘ ኧርዝ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የተጀመረ ነው። ምድርን ራሷን በትክክለኛ ልኬቷ ማይንክራፍት ላይ ለመሥራት የተነሡ ሰዎች ናቸው። የሰፈራችሁን መንገድ ከእናንተ በላይ ማን ያውቀዋል?

ኔታችሁ በጣም የሚቆራረጥ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጌም ልጠቁማችሁ። ሞሮዊንድ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ነው፤ ስላረጀ ደካማ ኮምፒውተር ላይ ይሄዳል። ታምሪኤል ሪቢልት የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ጌሙ ውስጥ ያልተካተተውን የዋናውን ምድር ክፍል ከ20 ዓመት በላይ ሲሠራ ኖሯል። ሥራው ቤት ውስጥ፣ ያለ ኔት፣ ከጌሙ ጋር በሚመጣው መሥሪያ ይሠራል፤ ሲያልቅ ፋይሉ ይላካል። ለመግባትም የሙከራ ሥራ ሠርቶ ማሳየት ነው። ዕቃው ቢለያይም ከዚህ በታች የምለው ሁሉ እዚያም ይሠራል።

የምታሳዩት ሥራ

የወደቅኩበትን ልንገራችሁ። ለመጀመሪያው ማመልከቻ ትልቅ ግንብ ሠራሁ። መነሻዬ የጎንደሩ የፋሲል ግንብ ነበር። አራት ማዕዘኑ ላይ ጉልላት ያላቸው ማማዎች አቆምኩ፣ በዙሪያው አጥር አጠርኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። መልሱ አጭር ነበር። እጄ ደህና እንደሆነ ነገሩኝና ሦስት ጥያቄ ጻፉልኝ። ውሃ የሚቀዳው ከየት ነው? የምድጃው ጭስ በየት ይወጣል? ይህ ሰው ግንቡን እዚህ ቦታ ላይ የሠራው ለምንድን ነው?

አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። ክፍሎቹ ባዶ ነበሩ። ከውጭ ብቻ የሚታይ ነገር ነበር የሠራሁት።

ቅዳሜ ጠዋት በጀልባ ዘጌ ሄድኩ። ስንት ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ በዚያን ቀን ግን ለማየት ብዬ ሄድኩ። ከጀልባው ወርዳችሁ በቡናው ዛፍ መካከል ስትወጡ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ትመጣለች። ክብ ናት። የክዳኗ ጠርዝ ከግድግዳው በጣም ወጥቶ፣ ዝቅ ብሎ ነው የቆመው። በዙሪያው እንጨት ተተክሎለታል፤ በእንጨቱና በግድግዳው መካከል ሰው ይዞራል። ሥሩ ቆምኩ። እኩለ ቀን ነው፣ ውጭው ያቃጥላል፣ እዚያ ግን ቀዝቃዛ ነው።

አንድ አባት አጠገቤ መጥተው ቆሙ። «አባ፣ ይህ ጠርዝ ለምን እንዲህ ወረደ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ዝናቡ ከግድግዳው ጋር እንዳይጣላ ነዋ» አሉኝ።

በቃ። ይህችን ይዤ ተመለስኩ። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ክረምቱ ብርቱ ነው፤ ስለዚህ ጠርዙ ይወጣል። ጠርዙ ስለወጣ እንጨት ይደግፈዋል። እንጨቱ ስለተተከለ መዞሪያ ይገኛል። መዞሪያው ስላለ ሰው ጥላ ያገኛል። አንዱ ሌላውን እየወለደ ነው የሄደው። የኔ ግንብ ይህ አልነበረውም።

ወደ ጀልባው ስወርድ ዳር ላይ ታንኳዎች አየሁ። ከደንገል የተሠሩት፣ የምናውቃቸው። ውሃ ላይ አልነበሩም፤ ቀጥ ተደርገው ዛፍ ላይ ተደግፈዋል። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ታንኳው ከዋለ በኋላ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። ስለዚህ ታንኳ ያለበት ዳርቻ ማድረቂያ ቦታ ይኖረዋል። ይህን ሳያውቅ ወደብ የሚሠራ ሰው ታንኳውን ውሃ ላይ ያስራል፤ የሚያውቅ ሰው ያቆመዋል። ያቺ አንዲት ነገር ማመልከቻውን የሚያዩት ዳኞች ዓይን ውስጥ ትገባለች።

ለሁለተኛው ማመልከቻ የሠራሁት እንግዲህ ይህ ነው። 40 በ40 ብሎክ የሆነ የሐይቅ ዳር። ሦስት ጎጆ፣ አንድ የታንኳ ማድረቂያ፣ አንድ የዓሣ ማስቀመጫ ጎተራ። ሌላ የለም። ቤተ ክርስቲያን አላስገባሁም፤ ያ ዓለም የራሱ እምነት፣ የራሱ ሕዝብ አለው። ዘጌን ገልብጬ ብወስድላቸው ኖሮ አይቀበሉኝም ነበር። የወሰድኩት ምክንያቱን ነው፦ የወረደውን ጠርዝ፣ ከፍ ያለውን መሠረት፣ የቆመውን ታንኳ።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። አንድ የምታውቁትን ነገር ምረጡና ሂዱና ቁሙበት። ድንጋይ የሚወድ ሰው ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለውን በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን ድልድይ ይይ። ወንዙ የት ጋ እንደጠበበ፣ ቅስቱ ለምን እዚያ ጋ እንዳረፈ ይመልከት። ገበያ የሚወድ ቅዳሜ ገበያ ይዋል፤ በርበሬው ከሚሸጥበት ከብቱ ለምን ራቀ? ጥላ የያዘው ማን ነው?

አሠራሩን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። መጀመሪያ መሬቱን ሥሩ። ቁልቁለቱን፣ የውሃውን ጠርዝ፣ ሰው እየረገጠ ያሳሳውን መንገድ። ቤቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጠፍጣፋ መሬት ላይ የተቀመጠ ቤት ገና ከሩቅ የጀማሪ ሥራ ይመስላል።

ከዚያ ብሎክ ምረጡ። ለአንድ ቤት አራት ወይም አምስት ዓይነት ይበቃል። የእኔ ጎጆዎች ግድግዳቸው የጭቃ ጡብና ጭቃ፣ እንጨቱ ስፕሩስ፣ መሠረቱ ሻካራ ድንጋይ፣ ክዳኑ የሣር ነዶ ነበር። ብዙዎች ግድግዳው «ሕይወት እንዲኖረው» እያሉ አሥር ዓይነት ብሎክ ይበትኑበታል። ከሩቅ ስታዩት ኩፍኝ ይመስላል። ቀለም የሚለወጥበት ምክንያት ይኑረው፤ ከታች እርጥበት ያጠቆረው፣ ከበሩ በላይ ጭስ ያጠቆረው።

ክብ ቤት ማይንክራፍት ላይ ያስቸግራል፤ ብሎኩ ካሬ ነው። ስፋቱን ጎዶሎ ቁጥር አድርጉት፤ ያኔ መሐሉ ላይ አንድ ብሎክ ይቀራል፣ ምሰሶው እዚያ ይቆማል። ለ15 ብሎክ ስፋት ቀመሩ 5፣ 2፣ 1፣ 2፣ 5 ነው። ሰሜን ላይ 5 ብሎክ በአግድም ደርድሩ። ከጫፉ አንድ ረድፍ ወደ ውስጥ ዝቅ ብላችሁ 2 በአግድም ጨምሩ። ቀጥሎ 1 በሰያፍ። ቀጥሎ 2 ወደ ታች። ከዚያ ምሥራቁ ላይ 5 ወደ ታች። እንዲሁ እያላችሁ አራቱንም ሩብ ስትዘጉት ክብ ይወጣል። ክዳኑን ስትጀምሩ ከግድግዳው ሁለት ብሎክ አውጡት፤ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ቀለበቱን አንድ አንድ ብሎክ አጥቡት። ሣር ክዳን ከዚያ በላይ ከተንጋለለ ዝናብ ያስገባል። ጌም ውስጥ አያስገባም፤ የሚያየው ሰው ግን ይሰማዋል።

በመጨረሻ ውስጡን ሙሉ። ምድጃው የት ነው? የሚተኛው የት ነው? እህሉ ከእርጥበት በምን ይጠበቃል? በር ስከፍት የሚታየኝ ባዶ ወለል ከሆነ ቤቱ ገና አላለቀም።

መብራት ሲጠፋ እንዳትናደዱ ከአሁኑ ልማድ አድርጉ። ሥራውን በራሳችሁ ኮምፒውተር፣ ሲንግል ፕሌየር ላይ ሥሩት። በየቀኑ የዓለሙን ፎልደር ፍላሽ ላይ ገልብጡ። እኔ አንድ ጊዜ ሳልገለብጥ ሁለት ቀን ሥራ ጠፍቶብኛል።

ፎቶ አነሣሥ

ዳኞቹ መጀመሪያ የሚያዩት ፎቶውን ነው። ኤፍ 1 ስትጫኑ ስክሪኑ ላይ ያለው ዕቃና እጃችሁ ይጠፋል። ኤፍ 2 ፎቶ ያነሣል። የእይታ ስፋቱን ከተለመደው 70 ወደ 50 ገደማ አውርዱ፤ ቤቱ ሳይጣመም ይወጣል። ጸሐይዋ ዘንበል ያለችበት ሰዓት ላይ አንሡ፤ እኩለ ቀን ጥላ የለም።

ከስድስት እስከ ስምንት ፎቶ ይበቃል። አንድ ከሩቅ ሁሉን የሚያሳይ፣ ሌሎቹ መንገድ ላይ በቆመ ሰው ዓይን ከፍታ፣ ሁለት ከቤት ውስጥ። ሼደር የሚባለው ማሳመሪያ ባይኖር ይሻላል። ውሃውን ያበራዋል፣ ሰማዩን ያሳምረዋል፣ የግድግዳውን ጥፋት ግን ይሸፍናል፤ ዳኞቹም ይህን ያውቃሉ። ሌላ ሰው ያገዛችሁ ሥራ ካለ የትኛው ክፍል የእናንተ እንደሆነ ጻፉ። የሰው ሥራ የራሴ ነው ብሎ የላከ ሰው ከተያዘ ዳግም የሚያየው የለም።

ቅጹን መሙላት

ቅጹ በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛችሁ እንዳይከብዳችሁ። አጭር አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ጓደኛ ያርምላችሁ። በማሽን አስጽፋችሁ አትላኩ። ሁሉም ተመሳሳይ ስለሚሆን ያስታውቃል፤ እነሱ ደግሞ የሚፈልጉት እናንተን ነው።

ዕድሜ ይጠይቃሉ። ዝቅተኛ ዕድሜ የሚያስቀምጡ አሉ፤ እውነቱን ጻፉ። የልደት ዓመት ከጠየቁ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። 1998 የተወለደ ልጅ 1998 ብሎ ቢጽፍ ዕድሜው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይጨምራል፤ 2005 ወይም 2006 ነው መጻፍ ያለበት። ሙሉ ስማችሁን፣ ስልካችሁን፣ የትምህርት ቤታችሁን ስም ግን መስጠት የለባችሁም። የጌም ስማችሁ ይበቃል። ገንዘብ ወይም የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ካለ ያ ፕሮጀክት አይደለም፤ ሌባ ነው።

የሰዓት ነገር ብዙ ሰው ያደናግራል፤ እኔንም የመጀመሪያውን የድምፅ ቃለ መጠይቅ አስመልጦኛል። እነሱ የሚጽፉት በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት ነው። እኛ ዩቲሲ ሲደመር 3 ነን፤ ከዚያ ደግሞ እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከጠዋት 12 ሰዓት ጀምረን ነው። ቀላሉ ዘዴ ይህ ነው፦ ከዩቲሲው ላይ 3 ቀንሱ፤ ከ12 ካለፈ 12 ቀንሱ። 17 ሰዓት ዩቲሲ ካሏችሁ፣ 17 ሲቀነስ 3፣ 14። 14 ሲቀነስ 12፣ 2። ማታ 2 ሰዓት ማለት ነው። ለእነሱ ስትጽፉ ደግሞ «2 ሰዓት» አትበሉ፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይጠብቋችኋል። 20፡00 ብላችሁ ጻፉ፣ ዩቲሲ ሲደመር 3 መሆኑን ጨምሩበት። አውሮፓ ውስጥ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም። ስለዚህ በበጋቸውና በክረምታቸው ልዩነቱ በአንድ ሰዓት ይለዋወጣል።

በሳምንት ስንት ሰዓት ትሠራላችሁ ይላሉ። ብዙ የጻፈ የሚቀድም ይመስለናል። አይደለም። 5 ሰዓት ብሎ 5 የሚሠራ ሰው 20 ብሎ ከሚጠፋው ይመረጣል። ኔትና መብራት እንደሚቋረጥም አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እኔ «አንዳንዴ ለቀናት ላልገባ እችላለሁ፤ ስመለስ ግን ቤቴ የሠራሁትን ይዤ እመጣለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልተቃወመኝም።

ለምን ከእኛ ጋር መሥራት ፈለግህ የሚለው ላይ «ፕሮጀክታችሁን በጣም እወደዋለሁ» ብላችሁ አትለፉ። ስትዞሩ ያያችሁትን ንገሯቸው። «ከምሥራቁ በር ወርዶ ያለው ልብስ አጣቢዎች ሰፈር ውስጥ ውሃው ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው ይፈስሳል፤ ከታች ያለው ገንዳ ቆሽሿል። ይህን ያሰበ ሰው ጋር መሥራት እፈልጋለሁ።» እንዲህ ነው የጻፍኩት። ያንን ሰፈር የሠራችው ልጅ በኋላ ራሷ አስተማሪዬ ሆነች።

ሌላው ጥያቄ ስለ ዓለሙ ነው። አንድ ቤት ምረጥና ማን እንደሚኖርበት ንገረን ይላሉ። እዚህ ላይ ጦርነትና ዘንዶ አትጥሩ። ቤቱን የሚያስገድዱ ሰዎችን ጥሩ። እኔ እንዲህ አልኩ፦ «ባልየው ታንኳ ይሠራል። እርጥቡን ደንገል ቤት ስለማያስገባ በረንዳው ከቤቱ ይሰፋል። አማቱ አብራቸው ትኖራለች፤ ከእሱ ጋር ብዙም ስለማይስማሙ በጓሮ በኩል የራሷ በር አላት።» አራት መስመር ነው። ቤቱ ግን ታያችሁ አይደል?

የሙከራው መሬት

ማመልከቻው ካለፈ ትንሽ መሬትና አንድ ትእዛዝ ይሰጣችኋል። ለእኔ የደረሰኝ 24 በ24 ብሎክ የሆነ ቁልቁለት ነበር፤ ትእዛዙ ቆዳ የሚያለፋ ሰው ቤት ሥራ የሚል። ወዲያው ብሎክ ማስቀመጥ አትጀምሩ። ጠይቁ። እኔ ሁለት ጥያቄ ጠየቅኩ፦ ወንዙ ወዴት ይፈስሳል? ነፋሱስ ብዙ ጊዜ ከየት ይመጣል? ቆዳ ይሸታል፣ ውሃውንም ያበላሻል፤ ስለዚህ ከመንደሩ በታች፣ ነፋሱ ሽታውን ወደ ሜዳ በሚወስድበት በኩል አደረግኩት። አስተማሪዬ በኋላ ስትነግረኝ ከቤቱ በላይ የወደደችው ጥያቄዎቹን ነው።

ዎርልድኤዲት የሚባለውን መሣሪያ በራሳችሁ ዓለም ላይ ተለማመዱት። የእንጨት መጥረቢያ ይዛችሁ በግራ ክሊክ አንዱን ጫፍ፣ በቀኝ ክሊክ ሌላውን ትመርጣላችሁ፤ ከዚያ መሙላት፣ መገልበጥ፣ መመለስ ትችላላችሁ። በሙከራ ላይ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ አይፈቀድለትም፤ በኋላ ግን ያስፈልጋችኋል። ፕላን የሚያሳዩ ሌሎች ሞዶች ካላችሁ ሰርቨሩ ላይ ከመጠቀማችሁ በፊት አስፈቅዱ።

ሲያልቅ አስተያየት ይመጣል። ክዳኑን ሙሉ በሙሉ አፍርሰው አሉኝ። አንድ ሳምንት የደከምኩበት ክዳን ነው። ላፕቶፑን ዘግቼ በሐይቁ ዳር እስከ ጨለማ ተራመድኩ። ሲመሽ ተመልሼ ፎቶውን በእነሱ ዓይን አየሁት፤ ልክ ናቸው፣ ለቁልቁለቱ በጣም ከብዷል። አፈረስኩት። እናንተም ሲሏችሁ መከራከሪያ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ሌሊት አሳድሩት። ካልገባችሁ «የትኛው ክፍል ነው የከበደው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ ሙከራችሁን ከአስተያየቱ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ላኩ፤ የሰማችሁትን እንዳስተካከላችሁ ይታያቸው።

መልስ ሲዘገይ በየቀኑ አትጎትጉቷቸው። የሚያዩት ሰዎች ሥራ ያላቸው፣ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ናቸው። ሁለት ሳምንት ካለፈ አንድ ጊዜ በትሕትና ጠይቁ።

ስትገቡ ትንሽ ሥራ ጠይቁ

ከተማ ስጡኝ አትበሉ። ማንም የማይፈልገውን ትንሽ ሥራ ጠይቁ። ለእኔ የተሰጠኝ ከአንድ ወደብ ወደ ውሃው የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ ነበር። በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ነገር ነው።

ከመጀመሬ በፊት ጣና ዳር ሄድኩ። ግንቦት ነበር፣ ሐይቁ ዝቅ ብሏል። መስከረም ላይ ውሃው የደረሰበት ቦታ ድንጋዮቹ ላይ መስመር ሠርቷል፤ ከመስመሩ በታች ያለው ጠቁሯል፣ አንዳንዱም አረንጓዴ ለብሷል። ቁመቱን ከሰውነቴ ጋር ለካሁት፤ ከወገቤ ትንሽ ከፍ ይላል። ቤት ተመልሼ ሁለቱን የታችኛ ደረጃዎች አረንጓዴ ባበቀለ ድንጋይ ሠራኋቸው፣ ከዚያ በላይ ያሉትን በደረቅ። ስጨርስ አንድ ጀልባ ማሰሪያ ቀለበት ታች፣ አንድ ደግሞ ላይ አደረግኩ። ታችኛው ለበጋ ነው፣ ላይኛው ለክረምት።